ያገለገለ የእርሻ ትራክተር ሲገዛ ከክፍያ በፊት ሊመረመር የሚገባው

አንድ ነጋዴ እህል ሲገዛ እጁን ወደ ጆንያው ሳያስገባ፣ ቡና ሲገዛ ናሙናውን ሳያይ ገንዘቡን አይቈጥርም። ይኸው ጠንቃቃ ሰው ግን ያገለገለ ትራክተር ሊገዛ በሄደ ጊዜ፣ ቀለሙ በማማሩና ሞተሩ ቶሎ በመነሣቱ ብቻ ረክቶ ውሉን የሚፈርምበት ጊዜ ብዙ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ክረምቱ ገብቶ ገበሬው ተራውን በሚጠባበቅበት ሰዓት፣ ትራክተሩ በማሳ መካከል ቆሞ መካኒክና መለዋወጫ ፍለጋ ይጀመራል።

የጉዳቱን ልክ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ባለ ሁለት ዲስክ ማረሻ የሚጎትት መካከለኛ ትራክተር በአንድ ምልልስ የሚያርሰው ስፋት 60 ሳንቲ ሜትር፣ ፍጥነቱም በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ በአንድ ሰዓት 0.3 ሄክታር ያርሳል። ለመዞሪያና ለልዩ ልዩ መቋረጥ ከጊዜው አንድ አራተኛው ቢቀነስ፣ በ8 ሰዓት የሥራ ቀን የሚታረሰው 1.8 ሄክታር ይሆናል። እንግዲህ ይህ ትራክተር አንድ ዕቃ እስኪመጣለት ድረስ 10 ቀን ቢቆም፣ 18 ሄክታር መሬት ሳይታረስ ቀረ ማለት ነው። ይኸውም በቀድሞው ልክ ግማሽ ጋሻ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። የሚጠፋውም የባለ ትራክተሩ ኪራይ ብቻ ሳይሆን የገበሬው የዘር ወቅት ጭምር ነው።

ስለዚህ የአሮጌ ትራክተር ዋጋ ሻጩ የሚጠራው ገንዘብ ብቻ አይደለም። በዚህ ላይ የማደሻው ወጪና በሥራ ወቅት ቆሞ የሚያስቀረው ገቢ ይደመርበታል። ይህን ድምር አስቀድሞ ለማወቅ ገዢው ሁለት ነገሮችን መመርመር ይገባዋል፤ አንደኛው፣ ለማደስ ብዙ ገንዘብ የሚፈጁት ክፍሎች በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኙ፣ ሁለተኛውም፣ መለዋወጫቸው በቅርብ የሚገኝ መሆኑን ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘረው ትምህርት በዚሁ መሠረት የቀረበ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

1ኛ/ የትራክተሩን ዐይነት ስለ መምረጥ

ለምሳሌ እንዲሆን ማሲ ፈርጉሰን 135 የተባለውን ትራክተር እንውሰድ። የዚህ ትራክተር ዘር የሚጀምረው በአየርላንድ ከተወለደው ከመሐንዲሱ ከሃሪ ፈርጉሰን ነው። እርሱም ማረሻን በሦስት ነጥብ ከትራክተሩ ጋር አያይዞ በሃይድሮሊክ ኀይል የሚያነሣና የሚያወርድ ዘዴ አስገኘ። በዚህ ዘዴ የተሠራው ቲ.ኢ.20 የተባለው ትራክተር ከ1946 እስከ 1956 ባለው ጊዜ ውስጥ በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ ከ500,000 በላይ ተመርቷል። 135 የተባለው ደግሞ ከ1964 መጨረሻ ጀምሮ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ በዚያው ከተማ ሲሠራ ቆይቷል። ሞተሩ ባለ 3 ሲሊንደር የፐርኪንስ ናፍጣ ሲሆን፣ ጉልበቱ 45 የፈረስ ጉልበት ያህል ነው።

ይህን ያህል ዕድሜ ያለው መኪና ዛሬም ገዢ የሚያገኝበት ዋናው ምክንያት መለዋወጫው ከገበያ አለመጥፋቱ ነው። በሕንድ አገር ታፌ፣ በፓኪስታንም ሚላት የተባሉት ፋብሪካዎች በፈቃድ ከዚሁ ዘር የወጡ ትራክተሮችን ሲያመርቱ ስለ ኖሩ፣ የፒስተን ፋሻ፣ የፍሪሲዮን ዲስክ፣ የውሃ ፓምፕና ይህን የመሳሰለው ዕቃ በብዛት ይሠራል። ገዢው ሌላ ዐይነት ትራክተር ቢመርጥ አስቀድሞ መለዋወጫ ወደሚሸጥባቸው ሱቆች ሄዶ ሦስት ዕቃዎችን፣ ማለትም የፍሪሲዮን ዲስክ፣ የናፍጣ ፖምፓ ዕቃና የሃይድሮሊክ ፓምፕ እንዲሸጡለት ይጠይቅ። ሦስቱም ካልተገኙ ትራክተሩ ምንም ያህል ርካሽ ቢሆን ውድ ነው።

በአንድ ስም ከሚጠሩት መካከልም ልዩነት እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ያህል፣ ከ135 በፊት የነበረው 35 የተባለው ትራክተር በመጀመሪያ ባለ 4 ሲሊንደር የስታንዳርድ ናፍጣ ሞተር ነበረው። ይህ ሞተር በብርድ አልነሣ በማለት የታወቀ ስለ ነበረ፣ በ1959 መጨረሻ ባለ 3 ሲሊንደር በሆነው በፐርኪንስ ሞተር ተተክቷል። ስለዚህ 35ን የሚገዛ ሰው ስሙን አንብቦ ከማለፍ ይልቅ ሲሊንደሮቹን ይቍጠር።

ትራክተሩ የሚሠራበት አገር ከፍታም በግዢው ውስጥ መታሰብ ይገባዋል። ተርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር ከባሕር ወለል በላይ ከፍ ባለ ቍጥር አየሩ ስለሚሳሳበት፣ በየ100 ሜትሩ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ጉልበት ያጣል። በ1967 በስዊድን ርዳታ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ ትራክተር በበዛበት በአሰላ አካባቢ፣ እንዲሁም በባሌ ሮቤ፣ ከፍታው ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። እንዲህ ባለው ደጋ 45 የነበረው የፈረስ ጉልበት ወደ 35 ገደማ ዝቅ ይላል። በመሆኑም በቈላ ሦስት ዲስክ ጎተተ ተብሎ የተወራለት ትራክተር በደጋ መረሬ አፈር ላይ ሁለቱን በጭንቅ ሊጎትት ይችላል።

2ኛ/ ስለ ሰነድና ስለ ቍጥር

በ135 ላይ የተከታታይ ቍጥሩ የሚገኘው በሾፌሩ ፊት ባለው የመለኪያዎች ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ የብረት ጽላት ነው። የሞተሩ ቍጥር ደግሞ በሞተሩ ብረት ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ሁለቱም ቍጥሮች ከሊብሬውና ከጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ጋር በፊደልና በአኃዝ አንድ መሆን አለባቸው። ጽላቱ የተያዘበት ሪቬት አዲስ ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ፣ ወይም የሞተሩ ቍጥር በመሮ ወይም በሞላ የተነካ ቢመስል፣ ጕዳዩ እስኪጣራ ድረስ ቀብድ አይሰጥም።

ትራክተሩ በዕዳ ተይዞ እንደ ሆነም መጠየቅ ያስፈልጋል። በ2019 በወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት ዐዋጅ ቍጥር 1147 መሠረት፣ በብሔራዊ ባንክ ዘንድ የዋስትና መዝገብ ተቋቁሟል። ገዢው በዚህ መዝገብ ላይ ማጣራት ያለበት ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ነው።

3ኛ/ ከቀለም በታች ያለውን ስለ ማየት

አዲስ ቀለም በራሱ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን የቀለሙ አቀባብ ብዙ ነገር ያስረዳል። ቀለሙ በጎማ ቱቦዎች፣ በኤሌክትሪክ ገመዶችና በደረቀ ጭቃ ላይ ጭምር ተረጭቶ ከተገኘ፣ ትራክተሩ የተቀባው ለገበያ እንጂ ለጥበቃ አይደለም። ንጹሕ ሆኖ በታጠበ አካል ላይ አዲስ የዘይት መስመር ከታየም፣ የሚያፈስሰው ስፍራ ዛሬም አልተጠገነም ማለት ነው።

የሰዓት መቍጠሪያውም ብቻውን የሚታመን ምስክር አይደለም። በገመድ የሚሠራ ስለ ሆነ ገመዱ ሲበጠስ ቈጠራው ይቆማል፤ ዕድሜው ሲረዝምም ቍጥሩ ሞልቶ ከዜሮ እንደ ገና ይጀምራል፤ መለኪያው በሌላ ተለውጦም ሊሆን ይችላል። ይልቁንም የፍሬኑና የፍሪሲዮኑ ፔዳል ብረት ምን ያህል እንደ ተበላ፣ የማረሻው ክንዶች ቀዳዳ ክብነቱን ጠብቆ እንደ ሆነ ወይም ሞላላ እንደ ሆነ፣ የመጎተቻው ብረት ምን ያህል እንደ ሣሣ ይታይ። እነዚህ ክፍሎች የሠሩበትን ዘመን አይሰውሩም።

4ኛ/ ስለ ሞተር

ገዢው ለምርመራ የሚሄደው በማለዳ ሲሆን፣ ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያስነሣ ያስታውቀዋል። እንደ ደረሰም በመጀመሪያ እጁን ሞተሩ ላይ ያሳርፍ። ሞቆ ካገኘው ወይ እስኪበርድ ይጠብቅ፣ ወይም ሌላ ቀን ይመለስ፤ ሞቆ የቆየ ሞተር ድካሙን ይሸሽጋልና።

ሞተሩ ሳይነሣ የዘይት መለኪያው ተስቦ ይታያል። ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ውሃ ገብቶበታል። የራዲያተሩ ክዳን ሲከፈት በውሃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈም ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሎ ወይም ቴስታታው ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ክዳኑ በምንም ምክንያት ሞተሩ ሞቆ ሳለ አይከፈትም። ከአውሮፓ በሚመጡት ላይ፣ ውሃው በክረምት ብርድ በረዶ ሆኖ የሞተሩን ብረት ሰንጥቆት እንዳይሆን ከውጭ በኩል የተበየደ ስፍራ ይፈለግ።

ከዚህ ቀጥሎ አየር የሚያስገባው ቱቦ ከማጣሪያው በኋላ ባለው በኩል ይፈታና ጣት ይገባበታል። ጣቱ አቧራ ይዞ ከወጣ፣ ሞተሩ አቧራ ሲበላ ኖሯልና ፋሻውና ሲሊንደሩ እንደ ተበላ ይጠረጠራል። ይህ ምርመራ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሲሆን፣ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

ሞተሩ ሲነሣ የጢሱ ቀለም ይታያል። ሰማያዊ ጢስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን፣ ከሞቀም በኋላ የማይጠፋ ነጭ ጢስ ናፍጣው በሚገባ አለመቃጠሉን ወይም ውሃ መግባቱን፣ ጥቁር ጢስ ደግሞ ናፍጣው ከአየሩ መብዛቱን ያመለክታል። በደጋ አገር አየሩ ስስ በመሆኑ ጥቂት ጥቁር ጢስ በሥራ ላይ ቢታይ የሚያስደነግጥ አይደለም። ሻጩ ሞተሩን ለማስነሣት ኤተር ቢረጭበት ግን ጕልበቱ መድከሙን ራሱ መሰከረ ማለት ነው። እንዲሁም የዘይት መሙያው ክዳን ሲነሣ ጢስ በኀይል እየተገፋ ከወጣ ፋሻው አልቋል። ሞተሩ በሚገባ ከሞቀ በኋላ በዝግታ ሲሠራ የዘይት ግፊት መለኪያው ወደ ዜሮ ከወረደ፣ የብሮንዚናው ነገር ያጠራጥራል።

5ኛ/ ስለ ፍሪሲዮንና ስለ ካምቢዮ

በፍሪሲዮኑ ቤት ሥር አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። ከእርስዋ ዘይት የሚንጠባጠብ ከሆነ፣ ወይ ከሞተሩ የኋላ ፓራውሊዮ፣ ወይም ከካምቢዮው በኩል የሚመጣ ነው። ከየትም ቢመጣ ትራክተሩ ከመካከሉ ለሁለት ተከፍሎ ካልሆነ በቀር አይጠገንም። የዕቃው ዋጋ ትንሽ ሲሆን የእጅ ዋጋው ብዙ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

በብዙዎቹ 135 ትራክተሮች ላይ ፍሪሲዮኑ ባለ ሁለት ደረጃ ነው። ፔዳሉ እስከ ግማሽ ሲረገጥ የትራክተሩ ጕዞ ይቆማል፤ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ደግሞ መካኒኮች ፒቲኦ የሚሉት የኋላው ኀይል ማውጫ ዘንግ ይቆማል። ሁለቱም በየተራ ይፈተኑ። ከዚያም እያንዳንዱ ማርሽ፣ የኋላውም ጭምር፣ በባዶ ሳይሆን ማረሻ መሬት ውስጥ ገብቶ ይሞከር። በባዶ ሜዳ በጸጥታ የሚሄድ ካምቢዮ፣ ሸክም ሲያገኝ ማርሹን ሊተፋ ይችላል።

መልቲ ፓወር የተባለ መቀያየሪያ ያለበት እንደ ሆነ፣ አንድ ነገር በተለይ ይታወቅ። ይህ ዘዴ በዝቅተኛው ፍጥነት ላይ ሳለ ሞተሩ ትራክተሩን አይዝም። ስለዚህ ቍልቍለት ላይ፣ ይልቁንም ተሳቢ ሲጎተት፣ ትራክተሩ በራሱ ክብደት ይሮጣል። ገዢው ይህን ለሾፌሩ ሳያስረዳ አይስጠው።

6ኛ/ ስለ ሃይድሮሊክና ስለ ኀይል ማውጫ ዘንግ

ከባድ ማረሻ ተያይዞ ይነሣና ሞተሩ ጠፍቶ አሥር ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። ማረሻው ወዲያው ከወረደ በውስጥ የሚያፈስስ አለ። ሞተሩ እየሠራ ማረሻው ተነሥቶ ሳለ ወደ ላይና ወደ ታች ደጋግሞ ቢንቀጠቀጥም ምክንያቱ ይኸው ነው። በ135 ላይ ለካምቢዮውም ለሃይድሮሊኩም የሚያገለግለው ዘይት አንድ ስለ ሆነ፣ ዘይቱ ነጥቶ ከተገኘ በሁለቱም ላይ ጕዳት ሊኖር ይችላል።

ፒቲኦው በደቂቃ 540 ጊዜ የሚዞር ሲሆን፣ ባለ ስድስት ጥርስ ነው። ጥርሶቹ ተበልተው የሾሉ ከሆኑ፣ መውቂያ ወይም የውሃ ፓምፕ ለማሠራት የሚገዛ ሰው የዘንጉን መለወጫ ዋጋ ከሒሳቡ ውስጥ ያግባ።

7ኛ/ ስለ ፊት እግር፣ ስለ ፍሬንና ስለ ጎማ

የፊቱ ክፍል በክሪክ ይነሣና ጎማዎቹ በእጅ ይወዘወዛሉ። ብዙ ከተንቀሳቀሱ ፔርኖውና ቦኮላው አልቋል። ከመካከል አክሱሉን የሚይዘው ፔርኖም እንዲሁ ይታይ። የግራና የቀኝ ፍሬን ፔዳሎች ለየብቻቸው ይፈተኑ፤ አንዱ የማይዝ ከሆነ ከኋላው አክሱል የሚያፈስሰው ዘይት ከፍሬኑ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል።

የኋላ ጎማ ዋጋው ከፍ ያለ ስለ ሆነ በጥንቃቄ ይታይ። ጥርሱ ገና ረጅም ቢሆንም ጎኑ በፀሓይ የተሰነጣጠቀ ጎማ ብዙ አይቆይም። በጎማው ውስጥ ለክብደት ጨው የተቀላቀለበት ውሃ ተሞልቶ ከነበረ ቸርኬውን ያዝገዋልና፣ በነፋስ መሙያው አካባቢ ዝገት ይፈለግ።

8ኛ/ የሰውን ሕይወት ስለ መጠበቅ

አሮጌ ትራክተር የሚያጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ትራክተር ሲገለበጥ ሾፌሩን የሚያድነውን የብረት ማዕቀፍ በአዳዲስ ትራክተሮች ላይ በሕግ ያስገደደች የመጀመሪያዪቱ አገር ስዊድን ስትሆን፣ ዘመኑም 1959 ነው። እንግሊዝ ይህን ያደረገችው በ1970 ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተሠሩ ብዙ ትራክተሮች ማዕቀፍ የላቸውም። ተዳፋት መሬት ለማረስ የሚገዛ ሰው የማዕቀፉን ዋጋ ከግዢው ዋጋ ለይቶ ማየት አይገባውም።

በደቂቃ 540 ጊዜ የሚዞር ዘንግ በአንድ ሴኮንድ 9 ጊዜ ይዞራል። የጋቢ ወይም የነጠላ ጫፍ ቢይዝ ሰውየው ለመጮኽ እንኳ ጊዜ አያገኝም። መሸፈኛው ከሌለ መሸፈኛ ሳይገዛለት ሥራ አይጀመር። በ135 ላይ ሞተሩ እንዲነሣ የማርሹ ዘንግ በተወሰነ ስፍራ መሆን አለበት። ይህ መከላከያ ተቈርጦ ሞተሪኖው በሽቦ ወይም በመፍቻ በማገናኘት የሚነሣ ከሆነ፣ ትራክተሩ ማርሽ ውስጥ እንዳለ ተነሥቶ በጎኑ የቆመውን ሰው ሊጨፈልቅ ይችላል። ይህን ለማደስ የሚፈጀው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ሻጩ ሳያድሰው መቆየቱ ግን ትራክተሩን በምን ዐይነት አያያዝ እንደ ያዘው ያስረዳል።

9ኛ/ ስለ ሒሳቡና ስለ ውሉ

ምርመራው ካለቀ በኋላ የተገኘው ጉድለት ሁሉ በወረቀት ላይ ተጽፎ በአጠገቡ የዕቃውና የመካኒኩ ዋጋ ይመዘገባል። የዚህ ድምር ከሻጩ ዋጋ ላይ ተደምሮ፣ ያንኑ ሥራ ከሚሠራ ሌላ ትራክተር ዋጋ ጋር ይመዛዘናል። ሻጩ ዋጋውን እንዲቀንስ የሚጠየቀውም በዚሁ ዝርዝር መሠረት ነው፤ «ውድ ነው» ከሚል ቃል ይልቅ የተጻፈ ቍጥር ያሸንፋልና። በውሉም ላይ የትራክተሩና የሞተሩ ቍጥር፣ ከትራክተሩ ጋር የሚሰጡት ዕቃዎችና የርክክቡ ቀን በግልጽ ይጻፉ።

ከውጭ አገር የሚያስመጡ ነጋዴዎች በፎቶግራፍ ብቻ አይግዙ። ሞተሩ በብርዱ ሲነሣ፣ ማረሻ ሲያነሣና ቍጥሮቹ በቅርብ ሲታዩ ሳይቋረጥ የተነሣ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ይጠይቁ፤ ከተቻለም ከሻጩ ጋር ጥቅም የሌለው መርማሪ ይላኩ። የቀረጡንና የማስገቢያውን ደንብ ከጉምሩክ አጣርተው ያዝዙ እንጂ፣ ዕቃው ወደብ ከደረሰ በኋላ አይጠይቁ።

መለዋወጫ የሚሸጡ ባለ ሱቆች ደግሞ፣ ከተለያዩ ፋብሪካዎች የሚመጡት ዕቃዎች ስማቸው አንድ ሆኖ ልካቸው ሊለያይ እንደሚችል ያስታውሱ። ደንበኛቸው አሮጌውን ዕቃና የሞተሩን ቍጥር ይዞ እንዲመጣ ቢያስለምዱ፣ የተመላሽ ዕቃ ክርክር ይቀንስላቸዋል። ማጣሪያ፣ ፓራውሊዮ፣ የፍሪሲዮን ዲስክና የኢንጄክተር አፍንጫ ከክረምቱ መግባት አስቀድሞ በመደርደሪያቸው ቢገኝ፣ ለራሳቸው ገበያ፣ ለገበሬውም የዘር ጊዜ ይሆናል።

አባቶች «መጥኖ መደቆስ» ያሉት ለማድ ቤት ብቻ አይደለም። ለምርመራው የሚያስፈልገው አንድ ማለዳ፣ የታመነ መካኒክ፣ ክሪክ፣ መፍቻና ማስታወሻ ደብተር ነው። ይህን ሁሉ ሻጩ አልፈቅድም ያለ እንደ ሆነ፣ ገዢው ገንዘቡን በኪሱ እንደ ያዘ ወደ ሌላው ሻጭ ይሂድ።